ስለ ማዕረግና ስለ ቤተ ዘመድ ስም

በ1952 ዓ.ም. የታወጀውና ከመስከረም 1 ቀን 1953 ዓ.ም. ጀምሮ የጸናው የፍትሐ ብሔር ሕግ፥ እያንዳንዱ ሰው ከተጸውዖ ስሙና ከአባቱ ስም ሌላ የቤተ ዘመድ ስም እንዲኖረው ይደነግጋል። የቤተ ዘመድ ስም የምንለው ከአባት ወደ ልጅ ሳይለወጥ የሚተላለፈውን፥ የአንድ ወገን ሰዎች ሁሉ በጋራ የሚጠሩበትን ስም ነው። የሕጉን ረቂቅ ያዘጋጁት ፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ ረኔ ዳቪድ ነበሩ። ድንጋጌው ግን በሕዝቡ ዘንድ ሥር ሳይሰድ ቀረ፤ በ2004 ዓ.ም. በወጣው የወሳኝ ኩነት ምዝገባ አዋጅ ቁጥር 760 መሠረት የሚመዘገበውም የራስ፥ የአባትና የአያት ስም ነው።

ይሁን እንጂ ወደ ውጭ አገር የሚሄደው ወገናችን እየበዛ ስለ ሄደ፥ ቋሚ የቤተ ዘመድ ስም ቢኖረን ይሻለን ነበር የሚል አሳብ ከጓደኞቻችን አንደበት ደጋግመን እንሰማለን። በዚህ አጭር ጽሑፍ አሳቡን ልንመረምረው እንወዳለን። ለምርመራችንም የነገሥታቱንና የመሳፍንቱን ዘር መርጠናል፤ የቤተ ዘመድ ስም ከማንም ይልቅ ይጠቅመዋል የሚባለው ትውልዱን የሚቈጥር ባለማዕረግ ነውና።

አስቀድመን ልማዱ ወደ መጣበት ወደ አውሮፓ እንመልከት። በዚያ ማዕረግና ስም እንደ ድርና ማግ ተያይዘው ኖረዋል። የጀርመን ሪፑብሊክ በ1919 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሕገ መንግሥት የመኳንንትን ልዩ መብት ሲሽር ማዕረጉን አላጠፋውም፤ የስም ክፍል ሆኖ እንዲቀር ፈቀደ። የኦስትርያ ሪፑብሊክ ግን በዚያው ዓመት ማዕረጉንም፥ መኳንንትነትን የሚያመለክተውን «ፎን» የሚለውን ቃልም ከስም አወጣ። ስለዚህ የመጨረሻው የኦስትርያ ንጉሠ ነገሥት ልጅ ኦቶ በጀርመን «ፎን ሀብስቡርግ»፥ በኦስትርያ «ሀብስቡርግ ሎትሪንገን» እየተባሉ ኖሩ። በእንግሊዝ አገር ንጉሥ ጊዮርጊስ 5ኛ ከጀርመን ጋር በሚዋጉበት በ1917 እ.ኤ.አ. ጀርመንኛ የነበረውን የቤታቸውን ስም ትተው «ዊንድሶር» ተባሉ።

የግሪክ ነገር ደግሞ ወደ እኛ ይቀርባል። ከዙፋን የወረዱት ንጉሥ ቆስጠንጢኖስ የቤተ ዘመድ ስም የለንም ይሉ ነበር። በ1994 እ.ኤ.አ. የወጣው ሕግ ስም ካልያዙ ዜግነት የላቸውም አለ። ንጉሡ በ2023 እ.ኤ.አ. ከሞቱ በኋላ፥ የቤተሰቡ አባሎች በ2024 እ.ኤ.አ. ሪፑብሊኩን አምነው ተቀብለው «ደ ግሬስ» የሚል ስም ይዘው ዜግነታቸውን አገኙ። ትርጓሜው በፈረንሳይኛ «የግሪክ» ማለት ስለ ሆነ፥ ማዕረጉ በበር ወጥቶ በመስኮት ተመለሰ የሚሉም አልታጡም።

በእኛ አገር ነገሩ ሌላ ነው። ከማዕረጎቻችን የሚበዙት ሹመቶች ነበሩ። የፊታውራሪ ልጅ ፊታውራሪ የሚሆነው ሲሾም እንጂ ሲወለድ አይደለም። በትውልድ የሚገኙት እንደ «ልዑል»ና «ልጅ» ያሉት፥ በዘር የሚወረሱትም እንደ ዋግ ሹምነት ያሉት ጥቂቶች ናቸው። ስለዚህ በመጋቢት 1967 ዓ.ም. ዘውዱና የዘውድ ማዕረጎች በአዋጅ ሲሻሩ፥ በዚህ ምክንያት ስሙን ለመለወጥ የተገደደ ሰው አልነበረም። ከስሙ ፊት ያለው ቃል ወደቀ፤ ስሙ ቀረ። «ወይዘሮ» የሚለው ቃልማ ከዚያ አስቀድሞ ከመሳፍንት ሴቶች ወጥቶ ያገባች ሴት ሁሉ መጠሪያ ሆኗል፤ ይህን ለማድረግ አዋጅ አላስፈለገም።

ሆኖም የእኛም ልማድ ጉድለት የለበትም አንልም። አባት ስሙን ሲለውጥ የልጆቹ ሁሉ ስም ይለወጣል። የጎጃሙ ራስ አዳል ተሰማ በ1873 ዓ.ም. ነግሠው ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት በተባሉ ጊዜ ልጆቻቸው የአዳል ልጆች መባላቸው ቀረ። ዳንግላ የእንግሊዝ ቆንስል መቀመጫ በነበረችበት ዘመን ጎጃምን ይገዙ የነበሩት ልጃቸው ራስ ኃይሉም የሚታወቁት ኃይሉ ተክለ ሃይማኖት ተብለው ነው። በቅርቡም ዘመን አልጋ ወራሽ አስፋ ወሰን በ1989 እ.ኤ.አ. በስደት ሳሉ ንጉሠ ነገሥት አምኃ ሥላሴ ሲባሉ፥ ልጃቸው ዘርዐ ያዕቆብ አስፋ ወሰን ዘርዐ ያዕቆብ አምኃ ሥላሴ ሆኑ። የአውሮፓ መዝገብ ጸሐፊ በዚህ ቢደናገር አንፈርድበትም።

እንግዲህ ቋሚ ስም ይህን ጉድለት ያርመዋልን? ዋናው ነጥብ እዚህ ላይ ነው። ሕጉን ያወጁት ንጉሠ ነገሥት ከመንገሣቸው በፊት ተፈሪ መኰንን ወልደ ሚካኤል ነበሩ። ለዙፋን ካበቃቸው ትውልድ ዋነኛው ግን የወልደ ሚካኤል አይደለም፤ የአባታቸው እናት የወይዘሮ ተናኘ ወርቅ ነው። እርሳቸው የሸዋው ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ልጅ ነበሩ። ልጅ ኢያሱም የዳግማዊ ምኒልክ የልጅ ልጅ የሆኑት በእናታቸው በወይዘሮ ሸዋረጋ ነው፤ ስማቸው ግን ኢያሱ ሚካኤል ነው። የቤተ ዘመድ ስም በአባት ብቻ የሚተላለፍ ከሆነ፥ ዘውድ የመጣበትን መንገድ ለዘለዓለም የሚሸፍን መጋረጃ ይሆናል።

ይህን የእኛም ልማድ ይሸፍነዋል ቢሉን እውነት ነው፤ ነገር ግን የመመለሻ በር ይተዋል። ንጉሠ ነገሥቱ አንዲቱን ልጃቸውን ተናኘ ወርቅ፥ አንዱን ልጃቸውን ሣህለ ሥላሴ አሏቸው። እነሆ በሴት በኩል የጠፋው ስም በልጆች ተጸውዖ ስም ተመለሰ። ዛሬ በአሜሪካ የሚኖሩት የልጅ ልጃቸው ኤርምያስ ሣህለ ሥላሴ ኃይለ ሥላሴ ሲባሉ፥ በአገራችን አቈጣጠር በሦስት ስም ሦስት ሰው ይጠራል። የውጭ አገር ሰው ግን የመጨረሻውን ብቻ የቤተ ዘመድ ስም አድርጎ ይይዛል፤ አንዳንዱም ከዚያ ቈርሶ «ሥላሴ» ይላል።

ነገሥታቱን ትተን ወደ አገው ምድር ብንመጣ፥ የጋራ ስም ለእኛም እንግዳ እንዳልሆነ እንረዳለን። ሰባት ቤት አገው የሚባለው ሕዝብ ከሰባት ወንድማማቾች ወርጃለሁ ይላል፤ ስማቸውም አንከሻ፥ አዘና፥ ባንጃ፥ ጫራ፥ ኳኩራ፥ መተከልና ዚገም ነው። ይህ ስም ከግለሰብ ስም ኋላ አልተቀጸለም፤ በምድሩ ላይ ተተከለ። ባንጃና ዚገም ዛሬ ወረዳዎች ናቸው፤ መተከልም ዞን ሆኗል። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በእንጅባራ የዓድዋን ዘማቾችና ፈረሶች ሲያስብ የሚጠራውም ይኸው ሰባት ቤት ነው። ስለዚህ የወገን ስም በወገን ጉባኤ ላይ፥ የሰው ስም በሰውየው ላይ ሆኖ ሁለቱ ሳይጣሉ ይኖራሉ። ቋሚ ስም ሁለቱን በግድ አንድ ያደርጋል፤ ባንጃ የተባለ ሁሉ በመዝገብ ላይ አንድ ቤተሰብ መስሎ ይታያል።

ግን እዚህም የምንነቅፈው አለ። የሚቈጠሩት ሰባቱም ወንዶች ናቸው። ሽማግሌ ትውልድ ሲቈጥርልን አባትን እስከ ሰባት ቤት ያደርሳል፤ እናትን ብንጠይቀው ብዙ ጊዜ ከአያቱ አያልፍም። ያገባች ሴት በአባቷ ስም መቅረቷን፥ ሕጉም ይህን ማጽናቱን እናመሰግናለን፤ ይሁን እንጂ ስሟ ለልጇ አይተላለፍም። ወይዘሮ ሰብለ ወንጌል ኃይሉ ልጅ ኢያሱን አግብተው ስማቸውን አልለወጡም፤ ልጃቸው ግን ዓለም ፀሐይ ኢያሱ ናቸው፥ የኃይሉም ስም በአንድ ትውልድ ተቋረጠ።

ስለዚህ አሳባችን እንዲህ ነው። የቤተ ዘመድ ስም ድንጋጌ ከሌላ አገር ችግር የተወለደ መድኃኒት ስለ ሆነ እንደ ነበረ ይመለስ ማለቱ አይረዳንም። ለውጭ አገር ቅጽ ሲባል የአያትን ስም መጻፍ ይበቃል፤ ወንድማማቾች አንዱ የአባቱን አንዱ የአያቱን ስም በመጨረሻ እየጻፉ በባዕድ አገር ዘመድ ያልሆኑ እንዳይመስሉ ግን አስቀድመው ይስማሙ። የጐደለን የእናቶች ቈጠራ ነው። ከእንጅባራና ከዳንግላ የመጣችሁ ጓደኞቻችን በዕረፍት ጊዜ ወደየቤታችሁ ስትመለሱ፥ አያቶቻችሁን ስለ አባታቸው አባት ከመጠየቃችሁ በፊት ስለ እናታቸው እናት ጠይቋቸው፤ የሰማችሁትንም በአማርኛም በአውንጊም ጽፋችሁ አምጡልን።