ወላጅ ዘግይቶ የሚጠራበት ምክር፤ የከፍተኛ ትምህርት መመሪያ አገልግሎታችን ከፈላና በር ሲታይ

መግቢያ

በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶቻችን «የመመሪያና የምክር አገልግሎት» የሚባል የሥራ ዘርፍ መኖሩ የታወቀ ነው። ከዐበይት ተግባሮቹም አንዱ ተማሪዎች ለከፍተኛ ትምህርት እንዲዘጋጁና የሚስማማቸውን የትምህርት መስክ እንዲመርጡ መርዳት ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ አገልግሎቱ በወረቀት ላይ እንዴት እንደተነደፈ መዘርዘር ሳይሆን፣ በተግባር ምን መልክ እንደያዘ በሐረር ከተማ፣ በተለይም በጁገል ግንብ ሰሜናዊ መግቢያ በፈላና በር አካባቢ ከሚኖሩ ቤተሰቦች አንጻር መገምገም ነው። ጸሐፊው በመምህርነት ያገለገለ በመሆኑ ሂሱ በቅድሚያ የሚያርፈው በራሱ ላይ ነው።

አቋሙን በአጭሩ ለማስቀመጥ፣ ምክር የምንሰጠው ዋናው ውሳኔ ካለፈ በኋላ ነው፤ የምንሰጠውም የውሳኔውን ሸክም ከሚሸከመው ቤተሰብ ጋር ሳንነጋገር ነው።

1. ውሳኔው የሚወሰነው መቼ ነው?

በአሁኑ አሠራር የማለፊያ ነጥብ ያገኘ የ12ኛ ክፍል ተፈታኝ የሚፈልጋቸውን ዩኒቨርሲቲዎች በቅደም ተከተል ይሞላል፤ ምደባውን የሚያከናውነው ግን ትምህርት ሚኒስቴር ነው። በብዙ ትምህርት ቤቶች «መመሪያ» የሚባለው ሥራ የሚፋፋመው በዚሁ የምርጫ ሰሞን ነው። ይሁን እንጂ በዚያን ጊዜ ዋናው ነገር ተወስኖ አልቋል። ተማሪው የተፈጥሮ ሳይንስን ወይም የማኅበራዊ ሳይንስን ዘርፍ የመረጠው ወደ 11ኛ ክፍል ሲያልፍ ነው። ሕክምና የሚመኝ ልጅ ያን ጊዜ ማኅበራዊ ሳይንስ ገብቶ ከሆነ፣ ከሁለት ዓመት በኋላ የሚሞላው ቅጽ ምኞቱን አይመልስለትም። ከዚያም አስቀድሞ በ9ኛ ክፍል ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ስለሚሰጥ፣ የቋንቋ መሠረቱ ያልጠነከረ ልጅ በፊዚክስም በታሪክም ወደ ኋላ መቅረት የሚጀምረው በዚያ ወቅት ነው።

አንድ ጊዜ በሒሳብ ብርቱ የነበረ ተማሪዬን «ተፈጥሮ ሳይንስ ግባ» ብዬ በአንዲት ቃል ሸኘሁት። አባቱ በፈላና በር አጠገብ አነስተኛ ሱቅ ነበራቸው። ልጁ ከትምህርት መልስ ሱቅ ይጠብቅ እንደነበረ፣ ቁጥር የወደደውም በአባቱ የዱቤ መዝገብ ላይ እንደሆነ፣ ሊማር የሚፈልገውም የሒሳብ አያያዝ እንደነበረ የተረዳሁት ፈተናው ካለፈ በኋላ ነው። አባቱም «ምነው መምህር፣ አንድ ቀን መጥተው ቢጠይቁን ኖሮ?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም።

2. ቁጥሮቹ ምን ያስረዳሉ?

ብሔራዊ ፈተናው በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ መሰጠት ከጀመረበት ከ2014 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን ወዲህ፣ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ተፈታኞች በመላ አገሪቱ በ2014 ዓ.ም. 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ፣ በ2017 ዓ.ም. 8.4 በመቶ ነበሩ። ውጤቱ በተሻሻለበት በ2017 ዓ.ም. እንኳ ከመቶ ተፈታኞች ከዘጠና የሚበልጡት በቀጥታ ለመግባት የሚያበቃውን ነጥብ አላገኙም ማለት ነው። በእርግጥ ከማለፊያው በታች ላመጡ የተወሰኑ ተማሪዎች ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የማካካሻ (ሪሜዲያል) ትምህርት ተዘጋጅቷል። ይሁንና ይህ ዕድል ሁሉን የሚያዳርስ አይደለም።

እንግዲህ መቶውንም ልጆች ለአንድ በር ብቻ አዘጋጅቶ አብዛኞቹን ደጃፍ ላይ መተው መመሪያ ሊባል አይችልም። ጁገል አምስት ጥንታውያን በሮች አሉት፤ የከተማው ሰው እንደ ጉዳዩ በአንዱ ይገባል፣ በሌላው ይወጣል። ለልጆቻችን ግን የምናሳያቸው አንዱን በር ብቻ ነው። የቴክኒክና ሙያ ሥልጠና፣ የጤና ሙያ ኮሌጅ፣ የመምህራን ማሠልጠኛ፣ የግል ኮሌጅ፣ የማታ ትምህርት፣ ፈተናውን እንደገና መውሰድ፣ እነዚህ ሁሉ ብዙውን ጊዜ የሚነሡት ልጁ ከወደቀ በኋላ እንደ ማጽናኛ ነው። እንደ ማጽናኛ የቀረበ መንገድ ደግሞ የውርደት መንገድ ሆኖ ይታያል።

«ሌሎቹን መንገዶች አስቀድሞ ማሳየት የተማሪውን ጥረት ያላላል» የሚሉ ባልደረቦች አሉ። ሥጋታቸው ከቅንነት የመነጨ መሆኑን አልጠራጠርም። ነገር ግን የ9ኛ ክፍል ተማሪ የማለፊያውን ነጥብና የተፈታኞቹን ውጤት በትክክል ቢያውቅ፣ ለጥናቱ የቀሩትን አራት ዓመታት ሊጠቀምባቸው ይችላል። እውነቱን በ12ኛ ክፍል መጨረሻ የሚሰማ ልጅ ግን ከማዘን በቀር የሚያደርገው የለም።

3. ቤተሰቡ የሚጠይቀውና እኛ የማንመልሰው

በአገራችን ትምህርት ቤት ወላጅ በአብዛኛው የሚጠራው «ወላጅ አምጣ» በሚለው ቃል ነው። ልጅ ሲያረፍድ፣ ሲጣላ ወይም ክፍል ሲቀር ወላጅ ይመጣል፤ ቆሞ ይወቀሳል፤ ይመለሳል። ከዚህም የተነሣ ብዙ ወላጅ የትምህርት ቤቱን ደጅ የሚያውቀው በጥፋት ብቻ ነው። ለምክር ሲጠራ ባይመጣ «ለልጁ ግድ የለውም» ብለን መፍረድ አይገባንም።

ቤተሰቡ ግን ጥያቄ አለው። በ1940ዎቹ በእርሻ ኮሌጅነት ተመሥርቶ በ1977 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲ የሆነው ሐረማያ ከሐረር ሩቅ አይደለም፤ የጤና ኮሌጁም በከተማዪቱ ውስጥ ነው። ሆኖም ምደባው ማዕከላዊ ስለሆነ በፈላና በር ያደገች ልጅ ወደ ጎንደር ወይም ወደ አርባ ምንጭ ልትመደብ ትችላለች። እናቷ «የት ታድራለች? ብትታመም ማን ይደውልልናል? መንገዱስ ሰላም ነው?» ብለው ቢጠይቁ፣ ይህን ኋላ ቀርነት ነው ማለት ስሕተት ነው። በ2012 ዓ.ም. በበርካታ ዩኒቨርሲቲዎች በተነሣው ግጭት ሳቢያ ተማሪዎች ትምህርታቸውን እያቋረጡ ወደየቤታቸው መመለሳቸውን ሁሉም ያስታውሳል። መልስ ያጣ ጥያቄ በመጨረሻ የሚደመደመው «ትቅር» በሚል ቃል ነው።

የገንዘቡም ጉዳይ እንዲሁ ነው። በ1995 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ መሠረት የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የምግቡንና የመኝታውን ወጪ፣ እንዲሁም የትምህርቱን ወጪ በከፊል ይጋራል፤ ክፍያው ግን በአብዛኛው የሚፈጸመው ከምረቃ በኋላ ከገቢው እየተቀነሰ ነው። ይህን ያላወቀ አንዱ ቤተሰብ «ሁሉም ነፃ ነው» ብሎ ለመጓጓዣ፣ ለልብስና ለመጻሕፍት ሳያጠራቅም ይቀራል። ሌላው ደግሞ «ዕዳ ነው» ሲባል ሰምቶ ይሸሻል። ሁለቱም በአንድ ሰዓት ገለጻ ሊታረሙ የሚችሉ ስሕተቶች ናቸው።

4. ምን ይደረግ?

አንደኛ፣ ምክሩ ከ12ኛ ክፍል ወደ 9ኛ ክፍል ይውረድ። የዘርፍ ምርጫ ከመደረጉ በፊት እያንዳንዱ ተማሪ ከአንድ ወላጁ ወይም አሳዳጊው ጋር ቢያንስ አንድ ጊዜ ከመምህር ጋር ይቀመጥ።

ሁለተኛ፣ ወላጅ ወደ ትምህርት ቤት ካልመጣ ትምህርት ቤት ወደ ወላጅ ይሂድ። በሐረር ለሠርግና ለኀዘን ሰውን የሚያሰባስብ አፎቻ አለ፤ ሴቶችም የራሳቸው አፎቻ አላቸው። በሌላውም ወገን ዕድር አለ። ገለጻው በእነዚህ ጉባኤዎች፣ ቤተሰቡ በሚናገረው ቋንቋ፣ በሐረሪ፣ በኦሮምኛ፣ በአማርኛ ወይም በሶማልኛ ይሰጥ። በአካባቢው ተወልደው ዩኒቨርሲቲ የገቡ ወጣቶች ለዕረፍት ሲመለሱ ስለ መኝታው፣ ስለ መንገዱና ስለ ወጪው ራሳቸው ይናገሩ። እናትን ከመምህር ይልቅ የጎረቤት ልጅ ያሳምናታል።

ሦስተኛ፣ መንገዶቹ ሁሉ በአንድ ገጽ ይጻፉ፤ የመግቢያ መመዘኛቸው፣ የሚፈጁት ጊዜና የሚጠይቁት ወጪ ጎን ለጎን ይቅረብ። መመዘኛ ስለሚለዋወጥ ገጹ በየዓመቱ ይታደስ። ለምሳሌ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ራስ ገዝ ከሆነ ወዲህ የራሱን የመግቢያ ፈተና መስጠት መጀመሩን የማያውቅ መምህር ተማሪውን ሊያሳስት ይችላል።

ይህ ሁሉ በተጨናነቀ ክፍል በሚያስተምር መምህር ትከሻ ላይ ብቻ ሊጣል እንደማይገባ ግልጽ ነው። ስለዚህ የትምህርት ዕቅድ አውጪዎች የሥራ ሰዓቱን በዕቅድ ሊይዙለት፣ መለኪያውንም ሊለውጡለት ይገባል። የመመሪያ አገልግሎት የሚመዘነው በተሞሉ ቅጾች ብዛት ሳይሆን፣ ልጃቸው 11ኛ ክፍል ሳይገባ በተነጋገርናቸው ቤተሰቦች ብዛት መሆን አለበት።

መደምደሚያ

ፈተናው ብሔራዊ ነው፤ ምደባውም ማዕከላዊ ነው። በእነዚህ ላይ አንድ የሐረር መምህር ብዙ ሥልጣን የለውም። ወላጅን መቼና ለምን እንደሚጠራ ግን ይወስናል። ከፈላና በር አጠገብ ያሉት ባለ ሱቅ የጠየቁኝ አንድ ቀን ብቻ ነበር። ያ ቀን ልጃቸው 10ኛ ክፍል ሳለ ቢሆን ኖሮ ሊጠቅማቸው ይችል ነበር።