ፌስታሉን ከለከልን፤ ማዳበሪያውስ?

ቡሬ ገበያ ሄዳችሁ «ማዳበሪያ አለ?» ብትሉ ሻጩ «የቱ? ዩሪያው ነው ወይስ ጆንያው?» ሊላችሁ ይችላል። እኛ አገር ነጩ የፕላስቲክ ጆንያ የያዘውን ነገር ስም ወርሷል። ሕጋችን ግን እሱን ረስቶ ፌስታል ላይ ብቻ ነው ያተኮረው።

የ1999ኙ የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ (ቁጥር 513) ፌስታልን በውፍረት ለካው፤ ገደቡ 0.03 ሚሊሜትር ነበር። በ2017 ዓ.ም የጸደቀው አዲሱ አዋጅ ውፍረቱን ትቶ የአንድ ጊዜ መጠቀሚያ ፌስታልን ራሱን ከለከለ፤ ይዞ የተገኘ ሰው ከ2 ሺህ እስከ 5 ሺህ ብር ይቀጣል። ጥሩ እርምጃ ነው። ግን ሁለቱም የተጻፉት የተደፈነ የከተማ ቦይ አጠገብ ቆሞ በሚያይ ሰው ዓይን ይመስለኛል።

እስቲ ከፍኖተ ሰላም ወጣ በሉ። ጆንያው ዩሪያውን ካራገፈ በኋላ በቆሎ ይጫንበታል፣ በርበሬ ይሰጣበታል፣ ሲያረጅ ደግሞ ተተርትሮ ገመድ ይሆናል። ጆንያው የተሠራበት ፖሊፕሮፒሊን ፀሐይ አይወድም፤ ክሩ ይደርቃል፣ ይሰባበራል። ስብርባሪው ከ5 ሚሊሜትር ሲያንስ ማይክሮፕላስቲክ እንለዋለን። ማረሻው ከአፈሩ ጋር ያደባልቀዋል። ጓሮም አለ፦ እናቶቻችን ጥራጊና አመድ ጓሮ የሚደፉት በደንብ አውቀው ነው፤ ጎመኑ የሚያምረው በዚያ ነው። ዛሬ ግን ጥራጊው ውስጥ የከረሜላ ልጣጭና የፌስታል ቁራጭ አለ።

እኛ ተመራማሪዎችም ወደ ውሃው እናደላለን። በ2020 እ.ኤ.አ. የታተመው የዝዋይ ሐይቅ ጥናት አራት የዓሣ ዝርያዎችንና ደለሉን መርምሮ ፕላስቲክ አግኝቷል፤ ጠንካራ ሥራ ነው። አፈር ግን ያስቸግራል። የተለመደው ዘዴ አፈሩን በጨው ውሃ በጥብጦ የሚንሳፈፈውን መልቀም ነው። የጆንያው ክር በንጹህ ውሃ እንኳ ይንሳፈፋል፤ ገለባና የሥር ቁራጭም አብሮት ብቅ ስለሚል በሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ማቃጠል ያስፈልጋል። «ሃይላንድ» የምንለው የውሃ ጠርሙስ ግን እፍጋቱ 1.38 ገደማ ነው፤ 1.2 ብቻ በሆነው የገበታ ጨው ውሃ ውስጥ ይሰምጣል። ከባድ ጨው፣ ለምሳሌ ዚንክ ክሎራይድ፣ ያልተጠቀመ ላብራቶሪ ጠርሙሱን ሳያየው ያልፋል ማለት ነው። የጎጃም ቀይ ሸክላ አፈር ደግሞ ቅንጣቱን ጓል ውስጥ ይዞ ያስቀራል። ስለዚህ «በኪሎ አፈር ይህን ያህል ቅንጣት» የሚል ቁጥር ስታነቡ በምን እንደተንሳፈፈ ጠይቁ።

ጆንያ ይከልከል እያልኩ አይደለም፤ ገበሬው በቆሎውን በምን ይጭናል? ማዳበሪያ የሚያከፋፍሉት ማኅበራት ያረጀውን ጆንያ መልሰው ቢረከቡ ግን ስንት ወጥቶ ስንት እንደተመለሰ ይታወቃል። ለዚህ ደግሞ ላብራቶሪ አያስፈልግም።