ኅብሩ የት አለ?
ስለ «ኢትዮጵያ» የዘፈን መድበልና ስለ ተርጓሚዎቹ

የቅኔ መምህር ደቀ መዝሙሩ «ወርቁ ይህ ነው» ሲለው ዝም ብሎ አይቀበልም፤ ሰሙንና ወርቁን በአንድነት የተሸከመው ቃል፥ ማለት ኅብሩ፥ የት እንዳለ ይጠይቃል። ቃሉ ካልተገኘ ወርቁ የባለቅኔው መሆኑ ቀርቶ የሰሚው ይሆናል። ሕዝቡ ቴዲ አፍሮ ብሎ የሚጠራቸው አቶ ቴዎድሮስ ካሣሁን በሚያዝያ ወር 2009 ዓ.ም. «ኢትዮጵያ» ብለው ያወጡት አልበም ከወጣበት ቀን ጀምሮ እጅግ ብዙ ትርጓሜ ስለ ተሰጠው፥ ይህ የመምህራን ጥያቄ ለእርሱም የሚገባ ነው።

አድማጮቹ ዘፈኖቹን አንድ በአንድ አይሰሟቸውም፤ እንደ አንድ መጽሐፍ ምዕራፎች እያያያዙ ይሰሟቸዋል እንጂ። ለዚህም ምክንያት አላቸው። ዘፋኙ በ1997 ዓ.ም. «ያስተሰርያል»ን፥ በ2004 ዓ.ም. ደግሞ የዐፄ ምኒልክንና የዐድዋን ነገር ያነሣውን «ጥቁር ሰው»ን አውጥተው ስለ ነበረ፥ ሕዝቡ ከእርሳቸው ዘፈን ታሪክን መጠበቅ ለምዷል። የ2009ኙ መድበል ደግሞ ስሙ ራሱ የአገር ስም ሆነ።

ከትርጓሜዎቹ ሁሉ ፈተናውን በሚገባ የሚያልፈው ስለ «ማር እስከ ጧፍ» የተነገረው ነው። ዘፈኑ ክቡር ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ካሳተሙት ከ«ፍቅር እስከ መቃብር» እንደ ተወለደ ርእሱን የሰማ ሁሉ ያውቃል። ነገር ግን «ፍቅር» ስለ ምን «ማር»፥ «መቃብር»ስ ስለ ምን «ጧፍ» ሆነ? ንብ ማርንም ሰምንም ትሰጣለች፤ ጧፍም በሰም የተነከረ ፈትል ነው። እንግዲህ በማርና በጧፍ መካከል ሳይጠራ የቀረው ቃል ሰም ነው፤ የጣፈጠውና የሚነደው ከአንድ ቀፎ ወጡ ማለት ነው። በዛብህ እናቱ ለቤተ ክርስቲያን የተሳለችው ልጅ እንደ ነበረ፥ ሰብለ ወንጌልም በመጨረሻ እንደ መነኰሰች ለሚያስታውስ አንባቢ ጧፉ ከመቃብሩ ይልቅ ለታሪኩ የቀረበ ነው። ይህን ትርጓሜ ዘፋኙ አስበውት ይሁን ሳያስቡት ቃሉ ይሸከመዋል። መምህሩ ቢሰማው «ይበል!» ባለ ነበር።

ስለ ዐፄ ቴዎድሮስ የተዘፈነው ግን ሌላ ነው። ከአድናቂዎቹ ወገን ንጉሠ ነገሥቱ ሳይነግሡ ስማቸው ካሣ መሆኑንና የዘፋኙም ስም ቴዎድሮስ ካሣሁን መሆኑን አገናኝተው፥ በዚያም ላይ ቴዎድሮስ የተባለ ንጉሥ ይመጣል የሚለውን የፍካሬ ኢየሱስን ነገር ጨምረው ዘፈኑን ትንቢት የሚያደርጉት አሉ። ስም ግን ወላጅ ያወጣው እንጂ ባለቅኔው የመረጠው ቃል ስላልሆነ ኅብር ሊሆን አይችልም። በ1969 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ ተማሪዎች ቢትልስ ከተባሉት ዘፋኞች አንዱ ፖል ማካርትኒ ሞቷል ብለው፥ ሸክላውን ወደ ኋላ እያዞሩ ሲያደምጡና በሽፋኑ ላይ ባዶ እግሩን መሆኑን እንደ ምልክት ሲቈጥሩ፥ ሰውየው በሕይወት ነበረ። ምልክት የሚፈልግ ዓይን ምልክት አያጣም።

የፍቅር ዘፈኖቹንም ስለ አገር የተዘፈኑ ናቸው የሚሉ ብዙዎች ናቸው፤ ተወዳጇ ኢትዮጵያ፥ መለየቱ ስደት ይሆናል። በዚህ ልማድ ጥቂት ድርሻ ያላቸው ሊቃውንቱ ራሳቸው ሳይሆኑ አይቀሩም፤ መኃልየ መኃልይን «አንድም» እያሉ ለቤተ ክርስቲያንና ለእመቤታችን ሲተረጕሙ ያደመጠ ሕዝብ የሙሽራይቱን ውበት እንደ ሙሽራ ውበት ብቻ መስማት ይከብደዋል። ነገር ግን አንድምታው መጀመሪያ ነጠላ ንባቡን ያጸናል፤ ከዚያም በኋላ ታሪክና ምሥጢር ይመሰክሩለታል። ዜማም ቢሆን በዚሁ ሕግ ይሄዳል፤ ድጓውን በሌላ ደብር የተማረ ሰው ወደ ጋይንት ቤተልሔም ወርዶ ሳያስመሰክር መምህር ነኝ አይልም። የአልበሙ ተርጓሚዎች ማስመስከሪያ የላቸውም። የጭብጨባው ብዛት ምስክር መስሎ ይታያቸዋል። የፍቅር ዘፈንም የፍቅር ዘፈን ብቻ ሆኖ የመቅረት መብት አለው።

ነገሩ ጨዋታ ብቻ ቢሆን ይህን ያህል ባላስጨነቀ። ነገር ግን በ2006 ዓ.ም. ዘፋኙ አላልሁም ያሉት ስለ ዐፄ ምኒልክ ዘመቻ የተነገረ ቃል ተጠቅሶባቸው፥ ወጪውን ሊሸፍን የነበረ የቢራ ፋብሪካ ከዘፈን ጉዟቸው ወጣ። በነሐሴ 2009 ዓ.ም. ደግሞ የ«ኢትዮጵያ» ምረቃ በአዲስ አበባ በፖሊስ ተከለከለ፤ ወራት አልፈው በጥር 2010 ዓ.ም. በባሕር ዳር ስታዲዮም ለመዝፈን ቻሉ። እንግዲህ ተቃዋሚውም፥ ሹሙም፥ አድናቂውም ሁሉም ተርጓሚዎች ነበሩ። አድናቂው በዘፈኑ ውስጥ አገኘሁት ብሎ የተደሰተበትን ወርቅ ሹሙ ያንኑ አይቶ ፈራው፤ ዋጋውን የከፈሉት ግን ዘፋኙ ናቸው።

በጋይንት፥ በስማዳና በእስቴ ለሚሰማው ሰው ደግሞ የዐፄ ቴዎድሮስ ዘፈን ተርጓሚዎቹ ያልነኩት ክብደት አለው። ንጉሠ ነገሥቱ በ1859 ዓ.ም. ጎንደርን ከነአብያተ ክርስቲያናቱ አቃጠሉ፤ የበጌምድርም ባላገር በሠራዊታቸው ተበዘበዘ። በ1860 ዓ.ም. መባቻ ደብረ ታቦርን አቃጥለው፥ በጋፋት ያሠሩትን ሴባስቶፖል የተባለውን ታላቅ መድፍ በጋይንት በኩል በጨጨሆ አሳልፈው በመንገዱ ሥራና በጕተታው ወራት ፈጅተው መቅደላ ያደረሱት በመጋቢት ነበር። ሚያዝያ 6 ቀን ሞቱ። ዘፈኑ ጀግናውን ያወድሳል፤ ማወደስም የዘፈን ተግባሩ ነው። ተርጓሚዎቹ ግን ወርቅ ፍለጋ ወደ ትንቢት ሲወጡ፥ በሰሙ ውስጥ ያለውን፥ ማለት የተቃጠለውን ደብርና በገመድ የተጎተተውን መድፍ፥ ሳያዩት አለፉ። ከወረታ ወደ ወልድያ የሚወስደው አውቶቡስ በነፋስ መውጫ አልፎ ጨጨሆን ሲሻገር ይህን ዘፈን የሚያሰማ ሾፌር አይታጣም፤ ከተሳፋሪዎቹም መካከል መድፉ በየት በኩል እንዳለፈ ከአያቱ የሰማ ይኖራል። መድፉ ራሱ እስከ ዛሬ በመቅደላ አምባ ላይ ነው።