ስለ ልብስና ስለ ሕግ

ሰው ልብስ የሚለብሰው ስለ ሁለት ነገር ነው፤ አንደኛው ገላውን ለመሸፈን፣ ሁለተኛው አፉን ሳይከፍት ለመናገር ነው። ይህ ነገር በአገራችን ለማንም የተሰወረ አይደለም። አባቶቻችን በጌታ ፊት ሲቆሙ ሸማቸውን ያደገድጉ ነበር፤ ሐዘን ሲደርስባቸው ጥለቱን ዘቅዝቀው ይለብሱ ነበር፤ የሹመትም ደረጃ በካባና በለምድ ይታወቅ ነበር። እንግዲህ ያው ጨርቅ አንድ ጊዜ አክብሮትን፣ አንድ ጊዜ ሐዘንን፣ አንድ ጊዜም ሹመትን ይናገር ነበር ማለት ነው።

ልብስ የሚናገር ከሆነ ዘንድ፣ የሰውን አንደበት ለመያዝ የሚሻ መንግሥት ልብሱንም ለመያዝ ቢሻ አያስደንቅም። ስለዚህ፣ ወጣቱ አንባቢ ሆይ፣ የልብስ ነገር የሥራ ፈቶች ወሬ ነው የሚልህን ሰው ቶሎ አትመነው። በልብስ ምክንያት ሰው ታስሯል፤ ከአገሩ ተሰዷል፤ ተሰቅሏል። እኔም በዚህ ጽሑፍ ይህ ፋሽን ያምራል፣ ያ አያምርም ልል አልተነሣሁም። የምነቅፈው ልብስን የሚያዘውን ሕግ ነው። እንዲህ ያለውን ሕግ የምመዝነውም በሦስት ጥያቄ ነው፤ የታዘዘው ማን ነው? የተጠቀመው ማን ነው? የተቀጣውስ ማን ነው? የውጭውን አገር ታሪክ ስናገር ዘመኑን በኤውሮፓ አቆጣጠር እጽፋለሁ።

የሩስያው ንጉሥ ታላቁ ጴጥሮስ በ1698 ከኤውሮፓ ጕብኝት ሲመለስ የመኳንንቱን ጢም በገዛ እጁ ቈረጠ። በ1705 ደግሞ ጢሙን ማሳደግ የሚፈልግ ሁሉ ግብር እንዲከፍልና የመክፈሉን ምልክት እንዲይዝ አዘዘ። ጢም ኋላ ቀርነት ከሆነ ገንዘብ የከፈለው ሰው ጢም እንዴት ሥልጣኔ ሊሆን ቻለ? መልሱ ግልጽ ነው፤ ከሥልጣኔው ጋራ ግምጃ ቤቱም ተጠቅሟል።

የስኮትላንድ ነገር ከዚህ ይብሳል። በ1745 ከስኮትላንድ ደገኞች ከፊሎቹ በብሪታንያ ንጉሥ ላይ ተነሡ፤ በሚከተለው ዓመት በኩሎደን ሜዳ ድል ሆኑ። የለንደን ምክር ቤት ወዲያው በ1746 ሕግ አወጣ፤ የደገኛ ወንድ ሁሉ፣ ሕፃንም ቢሆን፣ የአባቶቹን ሽርጥ እንዳይለብስ ከለከለ። የመጀመሪያው ጥፋት ስድስት ወር ያሳስር ነበር፤ ሁለተኛው ሰባት ዓመት ባሕር ማዶ ያስግዝ ነበር። ነገር ግን ሕጉ አንድ በር ክፍት ተወ፤ በንጉሡ ጦር ውስጥ የሚያገለግል ደገኛ ሽርጡን መልበስ ይችል ነበር። እዚህ ላይ አስተውል። ጨርቁ ያው ነው፤ አለባበሱም ያው ነው። በነጻ ሰው ወገብ ላይ ሲታይ ወንጀል፣ በወታደር ወገብ ላይ ሲታይ ግን የደንብ ልብስ ሆነ። ሕጉ በ1782 ተሻረ፤ በ1822ም ንጉሥ ጊዮርጊስ አራተኛ ኤዲንብራን ሲጐበኝ ራሱ ያንኑ ሽርጥ ለብሶ ታየ። የደገኞቹ ኀይል ከተሰበረ በኋላ ልብሳቸው የንጉሥ ጌጥ ለመሆን በቃ።

ቱርክም ሌላ ትምህርት ትሰጠናለች። ሱልጣን ማሕሙድ ዳግማዊ በ1829 ጥምጥም ያረጀ ነገር ነው ብለው ሹማምንቶቻቸው ፌዝ የተባለውን ቀይ ቆብ እንዲያደርጉ አዘዙ። ከ96 ዓመት በኋላ፣ በ1925፣ የሙስጠፋ ከማል መንግሥት ደግሞ ፌዝ ያረጀ ነገር ነው ብሎ በሕግ ከለከለው፤ በባርኔጣም ተካው። ኢስኪሊፕሊ አጢፍ የተባለ የሃይማኖት መምህር ሕጉ ከመውጣቱ በፊት፣ በ1924፣ ባርኔጣን የሚነቅፍ ትንሽ መጽሐፍ ጽፎ ነበር። በዚህ ነገር ተከሶ በ1926 በስቅላት ተቀጣ። የአንዱ ዘመን ሥልጣኔ ለሁለተኛው ዘመን ኋላ ቀርነት ሲሆን፣ በመካከሉ የሰው ሕይወት ይጠፋል።

ከሁሉ ይልቅ ግን የኢራንን ታሪክ እንድታጠና እመክርሃለሁ። ሬዛ ሻህ በ1934 ቱርክን ጐብኝተው ተመለሱ፤ በጥር 1936ም ሴቶች ፊታቸውንና ራሳቸውን መሸፈን እንዲተዉ አዘዙ። ፖሊሶች በመንገድ ላይ ከሴቶች ራስ መሸፈኛ ይገፉ ጀመር። ብዙ ሴቶችም ተገላልጦ ከመታየት ይሻላል ብለው ከቤታቸው መውጣት ተዉ። ነጻ ታወጣለች የተባለች ሕግ እስረኛ አደረገቻቸው ማለት ነው። ሻሁ በ1941 ዙፋናቸውን ሲለቁ ትእዛዙም ላላ። በ1979 አብዮት መጣ፤ አዲሶቹ ገዢዎች ደግሞ ሴት ሁሉ መሸፈን አለባት አሉ። በዚያው ዓመት በመጋቢት ወር ብዙ ሺሕ ሴቶች በቴህራን አደባባይ ወጥተው ተቃወሙ፤ አልተሰሙም። በ1983 ያልተሸፈነችውን ሴት እስከ 74 ጅራፍ የሚያስገርፍ ሕግ ጸደቀ። በመስከረም 2022 ማሕሳ አሚኒ የምትባል የ22 ዓመት ወጣት አለባበስሽ ደንቡን አልጠበቀም ተብላ በፖሊስ ተያዘች፤ በያዟት ሰዎች እጅ ሳለችም ሞተች። አገሩ በሙሉ በቍጣ ተነሣ።

እነሆ፣ አንዱ ገዢ ግለጪ አለ፤ ሁለተኛው ሸፍኚ አለ። ሁለቱ በነገር ሁሉ ጠላቶች ናቸው፤ በአንድ ነገር ብቻ ተስማሙ፤ ሴቲቱን አልጠየቋትም። ስለዚህ በኔ አስተያየት የእነዚህ ሕጎች በደል በመሸፈንም በመግለጥም ላይ አይደለም። በደሉ የሰውን ገላ የመንግሥት ሰንደቅ ዓላማ መስቀያ ማድረግ ነው።

ታዲያ ሕግ በልብስ ነገር ከቶ አይግባ ወይ? የሚለኝ ይኖር ይሆናል። ዳኛ በችሎቱ ካባ፣ ወታደር በሰልፉ የደንብ ልብስ ይለብሳል፤ ይህን አልነቅፍም። ይህ ሥራውን የሚመለከት ነውና ሥራው ሲያልቅ ሰውየው አውልቆ ይሰቅለዋል። እኔ የምነቅፈው ሰው ራሱን ሲሆን፣ በመንገዱና በገበያው፣ ምን መስለህ ታይ የሚለውን ሕግ ነው።

በፈቃድ የሚደረግ የልብስ ትግል ግን ሌላ ነው። ጋንዲ በ1921 የኤውሮፓን ልብስ ብቻ ሳይሆን ሙሉ ልብስን ትተው በአንድ ሽርጥ መኖር ጀመሩ፤ ሕዝቡንም በእጁ የፈተለውንና የሸመነውን ካዲ እንዲለብስ ጠሩት። ጥሪው ከራሳቸው ገላ ስለ ጀመረ ኀይል አገኘ። ሆኖም የውጭው ጨርቅ በየአደባባዩ ሲቃጠል ባለቅኔው ታጎር ነቀፈ፤ ብዙ ድኻ ዕራቁቱን በሚሄድበት አገር ልብስ ማቃጠል ምን ማለት ነው አለ። ነቀፋው ተገቢ ነበር። ሕንድ ነጻ ከወጣች በኋላም ሰንደቅ ዓላማዋ ከካዲ ብቻ እንዲሠራ በደንብ ተወስኖ ነበር፤ በታኅሣሥ 2021 ግን ደንቡ ተሻሽሎ በመኪና የተሠራ ፖሊስተር ተፈቀደ። ባንዲራው ረከሰ፤ የፈታዩና የሸማኔው ገበያ ግን ጠበበ።

ወደ አገራችን እንመለስ። መጋቢት 21 ቀን 1960 ዓ.ም. በአዲስ አበባ፣ በቀዳማዊ ኀይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ፣ በራስ መኰንን አዳራሽ የፋሽን ትርኢት ተዘጋጀ። ብዙ ተማሪዎች የባዕድ ባህል ወረራ ነው ብለው ተቃወሙት፤ እንቁላል ተወረወረ፤ ትርኢቱን ሊያዩ የመጡት ተዋከቡ። ነገሩ ሰፍቶ ዩኒቨርሲቲው እስከ መዘጋት ደረሰ። ድኻ በበዛበት አገር የቅንጦት ትርኢት ለምን? የሚለው ጥያቄ እውነተኛ ጥያቄ ነበር፤ አላናንቀውም። ነገር ግን ከተቃዋሚዎቹ ብዙዎቹ ራሳቸው የፈረንጅ ኮትና ሱሪ ለብሰው ነበር። የወንዱ ሱሪ ዘመናዊነት፣ የሴቲቱ አጭር ቀሚስ ክሕደት የሆነው በየትኛው ሚዛን ነው? ለባህል መቈርቈር በእኅት ላይ እጅ ማንሣት ከሆነ፣ ያ ባህልን መጠበቅ አይደለም፤ ደካማን መርጦ መምታት ነው።

እንግዲህ ስለ ልብስ የወጣ የሚመሰገን ሕግ የለም ወይ? አለ፤ እርሱም በገዛ አገራችን ይገኛል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት ዐዋጅ ሸማኔን፣ ቀጥቃጭንና ሌላውን ባለ እጅ በሙያው መስደብን ከለከሉ። ይህ ዐዋጅ ማንንም ይህን ልበስ፣ ያን አውልቅ አላለም። ዐይኑን ከለባሹ ላይ አንሥቶ ወደ ሠሪው መለሰ። በሦስቱ ጥያቄ ብትመዝነው የታዘዘው ተሳዳቢው፣ የሚቀጣውም እርሱ፣ የሚጠቀመው ሸማኔው ነው። እርግጥ ነው፣ ስድቡ በዐዋጅ ብቻ አልጠፋም፤ የሸማኔውን ሥራ እየለበሱ ሸማኔውን መናቅ ብዙ ዘመን ቈይቷል።

ዛሬ በሽሮ ሜዳ የሚሸጠውን የጥበብ ቀሚስ ሁሉም ያደንቃል። በበዓል ቀን ከሽማግሌ እስከ ሕፃን ነጭ ለብሶ አገሬ ይላል፤ መልካም ነው። ነገር ግን አጠገቡ ጥለቱ በፋብሪካ የታተመበት የውጭ ጨርቅ በርካሽ ይሸጣል፤ ሸማኔውም ከዚያ ጋራ ሊፎካከር ዋጋውን ይሰብራል። ከጋሞ ደጋ ተወስደው መጥተው፣ ትምህርት ሳያገኙ፣ በሽመና ጉድጓድ ውስጥ ሲወረውሩ የሚውሉ ሕፃናትም አሉ። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ዐዋጅ ከ15 ዓመት በታች ያለውን ልጅ መቅጠር ይከለክላል። ይሁን እንጂ በጓዳ ያለውን መወርወሪያ የሚቈጥረው የለም። ስለ ሴት ቀሚስ ርዝመት የሚጮኸው ሰው ስለዚህ ሲጮኽ አልሰማሁትም።

ስለዚህ፣ አንባቢዬ፣ ኮትህን አውልቅ፣ ሸማ ብቻ ልበስ አልልህም። የወደድኸውን ልበስ። ነገር ግን ሰውን በልብሱ አትፍረድበት፤ ሴትንም በቀሚስዋ ምክንያት የሚያዋርድ ሲገጥምህ ዝም ብለህ አትለፍ። ገንዘብ ባገኘህ ጊዜ ከሠሪው እጅ ግዛ፤ ማን ሸመነው? ስንት ተከፈለው? ዕድሜውስ ስንት ነው? ብለህ ጠይቅ። አንድ ቀን ሕግ የማውጣት ሥልጣን ቢደርስህም የለባሹን ቁመት ከመለካትህ በፊት ሸማኔው ወደ ተቀመጠበት ጉድጓድ ውረድ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል፤ ድሩን ያበረው ግን የሸማኔው እጅ ነው።