ምስክሯ መርማሪ ስትሆን

ደራሲው አርፎ መርማሪው ሲቀር፣ ብዕሩን የሚረከበው ሰው ወይ የሟቹን ድምፅ ይዋሳል፣ ወይ ታሪኩ የሚታይበትን ዓይን ይለውጣል። አንቶኒ ሆሮዊትዝ እ.ኤ.አ. በ2011 «ዘ ሀውስ ኦፍ ሲልክ» በተሰኘው ሥራው ሼርሎክ ሆምስን ሲያስነሳ ፊተኛውን መረጠ፤ ተራኪው አሁንም ዶክተር ዋትሰን ነው። መጽሐፉ ያስደስታል፤ ደስታው ግን የምናውቀውን መልሶ ከማግኘት አያልፍም።

ከዚህ የሚልቅብኝ የአን ሂለርማን ሥራ ነው። አባቷ ቶኒ ሂለርማን ከ1970 አንስቶ በ18 ልብ ወለዶች የአሜሪካ ነባር ሕዝብ ከሆኑት ከናቫሆዎች የተገኙትን ፖሊሶቹን ጆ ሊፕሆርንንና ጂም ቺን ሲያስከትል ኖሮ በ2008 አረፈ። ልጁ በ2013 «ስፓይደር ውማንስ ዶተር»ን ስታሳትም ያስጀመረችው በሊፕሆርን ላይ በተተኮሰ ጥይት ነው። አንባቢ ለዓመታት የተማመነበት፣ ግድግዳው ላይ በሰቀለው ካርታ መርፌ እየሰካ የሚያሰላስለው አዛውንት ገና በመክፈቻው ይወድቃል። አድራጎቱን በዓይኗ ያየችው በርናዴት ማኑዌሊቶ ናት፤ በአባትየው መጻሕፍት ይበልጡን የቺ ፍቅረኛ ሆና ዳር የቆመችው ወጣት ፖሊስ። ምርመራውን የሚመራው ባሏ ቺ ሲሆን፣ እሷ ግን የዓይን ምስክር በመሆኗ ደንቡ ከምርመራው ያገልላታል። ደራሲዋ የመጽሐፉን ውጥረት የገነባችው እዚህ ላይ ነው፤ ከሁሉ በላይ ያየችው ሰው እንዳትጠይቅ ተከልክላለች።

በአዊ ምድር፣ እንጅባራ ወይም ዳንግላ ተቀምጦ ይህን የሚያነብ ሰው ክልከላውን ከለንደን አንባቢ በተለየ ስሜት የሚቀበለው ይመስለኛል። በአገራችን ገጠር አውጫጭኝ ሲጠራ ያየም የሰማም የአካባቢው ሰው ሜዳ ላይ ይሰበሰብ፣ ወንጀለኛው እስኪወጣም አይበተንም ነበር፤ ካልተገኘ ካሳው የሁሉም ዕዳ ይሆን ነበር። በዚያ ሥርዓት ምስክሩና መርማሪው አንድ ሰው ነበሩ። ሥርዓቱ ጎረቤትን አስጨንቆ የሐሰት ጥቆማ ሊያስወጣ ይችል እንደነበርም አልዘነጋም። ያም ሆኖ በርናዴት ደንቡን እየገፋች ዘመድ አዝማድ ስታነጋግር የምትሠራው ከአውጫጭኝ ጋር ይቀራረባል፤ እውነቱ ያለው በሰው መካከል ነውና ሰውን ማወቅ ግድ ይላታል።

ሴራው ላይ ጥያቄ አለኝ፤ ነቃ ያለ አንባቢ ጥፋተኛውን ቀደም ብሎ ሊጠረጥር ይችላል። ከዚያ የሚከብደው ጥያቄ ግን አባትም ልጅም ናቫሆ ሳይሆኑ ስለ ናቫሆ መጻፋቸው ነው። ናቫሆዎች በ1987 ቶኒን በልዩ ወዳጅነት አክብረውታል፤ ይህ ክብር ጥያቄውን ያለዝበው እንደሆነ እንጂ አይዘጋውም። የአዊን ሕይወት የሚጽፍ እንግዳም ከዚሁ ጥያቄ አያመልጥም።

ወደ ብዕር ቅብብሉ ስመለስ፣ በአማርኛ ከ«ዴርቶጋዳ» የቀጠሉትን ልብ ወለዶች የጻፈው ያው ይስማዕከ ወርቁ ነው፤ ገጸ ባሕርያቱ ወደ ሌላ እጅ አልተላለፉም። እኔ የምመኘው በአዊኛ አፏን የፈታች፣ የዳንግላን ገበያ በስሙም በፊቱም የምታውቅ መርማሪ በአማርኛም ሆነ በአዊኛ ተጽፋ ማየት ነው። የመጀመሪያው ደራሲ ሁሉን ነገር በእሷ ላይ አይጨርስ። ቶኒ ሂለርማን በርናዴትን ዳር ላይ ባያቆማት ኖሮ አን የምትጀምርበት ዓይን ባላገኘች ነበር፤ የእኛም ደራሲ ከጣቢያው በር ላይ ለምትቆም አንዲት ወጣት ፖሊስ ስም ሰጥቶ፣ ታሪኳን ሳይዘጋ ይተውልን።