ማን ማንን እየጠበቀ ነው?

ባንክ ወይም ወረዳ ሄዶ «ሲስተም የለም» ተብሎ ያልተመለሰ ሰው ያለ አይመስለኝም። አብዛኛውን ጊዜ ግን ሲስተሙ አለ። ሰርቨሩ በርቷል፣ ኔትወርኩም አልተቋረጠም፤ ሥራው አንድ ቦታ ላይ ተከማችቶ አልንቀሳቀስ ብሏል። ያ ቦታ የት እንደሆነ ማግኘት የእኔ ሥራ ነው፤ የምፈልገውም ጥቁሩ ተርሚናል ላይ ትዕዛዝ እየጻፍኩ ነው።

ወደዚህ ሙያ የሚገቡ ልጆች መጀመሪያ የሚለምዱት ቶፕን ነው። ዊልያም ለፌቭር እ.ኤ.አ. በ1984 የጻፈው ይህ ፕሮግራም፣ ፕሮሰሰሩን ማን ምን ያህል እንደያዘው ከላይ ወደ ታች ደርድሮ ያሳያል። ጥሩ መሣሪያ ነው። ችግሩ ዓይናችን የሚሠራው ላይ ብቻ እንዲያርፍ ማድረጉ ነው። ፕሮሰሰሩ 90 በመቶ ተይዞ ተጠቃሚው ምንም ላይሰማው ይችላል፤ 10 በመቶ ብቻ ተይዞ ደግሞ አንድ ደረሰኝ ለማተም ደቂቃ ሊፈጅ ይችላል። ስለዚህ ተርሚናል ስከፍት መጀመሪያ የምፈልገው ወረፋ ነው፦ ማን ማንን እየጠበቀ ነው?

የመጀመሪያው ፍንጭ አፕታይም ከሚባለው ትዕዛዝ ይገኛል። በመስመሩ መጨረሻ ያሉት ሦስት ቁጥሮች፣ ሎድ አቬሬጅ የሚባሉት፣ ያለፈውን 1፣ 5 እና 15 ደቂቃ ይናገራሉ። የመጀመሪያው ከሦስተኛው ከበለጠ ጫናው እየጨመረ ነው፤ ካነሰ እየበረደ ነው። ብዙ ባለሙያ ቁጥሩን ከኮር ብዛት ጋር አነጻጽሮ «ፕሮሰሰር አነሰን» ብሎ ይፈርዳል። ሊኑክስ ላይ ይህ አያስኬድም። ማትያስ ኡርሊክስ እ.ኤ.አ. በ1993 ባቀረበው ማስተካከያ ምክንያት፣ ሊኑክስ ፕሮሰሰር ከሚጠብቁት ጋር ዲስክ ጠብቀው የተኙትንም ይቆጥራል። የማስተካከያውን አሮጌ ኢሜይል የኮምፒውተር አፈጻጸም ባለሙያው ብሬንዳን ግሬግ እ.ኤ.አ. በ2017 ፈልጎ አውጥቶታል። አንዳንዶች ይህ አቆጣጠር ያደናግራል ይላሉ። ለእኔ ግን ትክክል ነው፤ ተጠቃሚው የሚያማርረው ሥራው ስለዘገየበት ነው፣ ያዘገየው ፕሮሰሰር ይሁን ዲስክ ለእሱ ልዩነት የለውም።

አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ያየሁትን ልንገራችሁ። ሰርቨሩ 8 ኮር አለው፤ ጠዋት ጠዋት ሎዱ ከ30 በላይ ይወጣል። ሠራተኞቹ ከሁለት ሰዓት ተኩል ጀምሮ ስክሪን ላይ አፍጥጠው ይቀመጣሉ፣ ረፋዱ ላይ ይለቃቸዋል። የጠዋት ባለጉዳይ ብዛት ነው ተብሎ ለትልቅ ሰርቨር ጨረታ ሊወጣ ነበር።

ወረፋዎቹን የሚቆጥረው ቪ.ኤም.ስታት በየሰከንዱ እንዲጽፍ አዘዝኩት። የመጀመሪያው መስመር ማሽኑ ከተነሳ ጀምሮ ያለው አማካይ ስለሆነ ይዘለላል። ከሁለተኛው መስመር ጀምሮ «አር» በሚለው ዓምድ ሥር፣ ፕሮሰሰር ላይ ያሉትና የሚጠብቁት በሚቆጠሩበት፣ 1፣ 2፣ 1 ይላል። አጠገቡ «ቢ» ሥር፣ ዲስክ ጠብቀው የታገዱት በሚቆጠሩበት፣ 29፣ 31፣ 30። ፕሮሰሰሩ ሥራ ፈትቷል፤ ሌላው ሁሉ ዲስክ ደጃፍ ተሰልፏል። የስዋፕ ዓምዶቹ ዜሮ ስለሆኑ ሜሞሪ ከጥርጣሬ ወጣ። ከዚያ የዲስክን ፍጥነት የሚለካውን አዮስታትን ጠራሁ፦ አንደኛው ዲስክ ላይ አንድ ጥያቄ መልስ እስኪያገኝ በመቶዎች የሚቆጠር ሚሊሰከንድ ይፈጃል።

እዚህ ላይ ሳርን ከፈትኩ። ሳር ያለፉትን ቀናት መዝገብ ስለሚይዝ የእሁዱን አወጣሁ። መሥሪያ ቤቱ ዝግ በሆነበት እሁድ ጠዋትም ያው ወረፋ በዚያው ሰዓት አለ። ባለጉዳይ በሌለበት ቀን የባለጉዳይ ብዛት ሰበብ ሊሆን አይችልም። ፒድስታት ዲስኩን የያዘውን በስሙ ጠራው፦ ባክአፕ።

ሥራዎችን በተወሰነላቸው ሰዓት በሚያስነሳው ክሮን ውስጥ የባክአፑ ሰዓት 8 ተብሎ ተጽፏል። የጻፈው ባለሙያ ሌሊት 8 ሰዓት ማለቱ ነበር፤ ለማሽኑ ግን 8 ማለት የእኛ ጠዋት 2 ሰዓት ነው፣ የሥራ መግቢያ ሲቃረብ። ቁጥሩ ወደ 2 ተቀየረ፤ ጨረታውም ቀረ።

ሜሞሪን በተመለከተ አንድ ነገር ብቻ ልበል። ፍሪ የሚባለውን ትዕዛዝ ውጤት ስታዩ «ፍሪ» የሚለው ዓምድ ማነሱ አያስደንግጣችሁ፤ ሊኑክስ ትርፍ ሜሞሪን ለፋይሎች መሸጎጫ ያውለዋል፣ ሲፈለግም ይለቀዋል። መታየት ያለበት «አቬይለብል» ነው።

ግራፍ የሚስሉ ገጾችም ጥቅም አላቸው፣ እኔም እጠቀምባቸዋለሁ። ነገር ግን የአምስት ደቂቃ አማካይ ሃያ ሰከንድ የቆየ መታነቅን ውጦ ያስቀረዋል፤ ኔትወርክ ሲዳከምም ገጹ አይከፈትም። ተርሚናል በደካማ የስልክ ዳታም ይሠራል። ከላይ የጠቀስኳቸው ትዕዛዞች ቁጥራቸውን በአብዛኛው የሚያነቡት የሊኑክስ እምብርት የሆነው ከርነል ፕሮክ በሚባለው ማውጫ ሥር ከሚያቀርባቸው ፋይሎች ስለሆነ፣ ምንም ባልተጫነበት ማሽን ላይ ፋይሎቹን በቀጥታ ማንበብ ይቻላል። ከከርነል 4.20 ወዲህ ደግሞ እዚያው ሥር «ፕሬሸር» የሚባል ክፍል ተጨምሯል። ሥራዎች ፕሮሰሰር፣ ሜሞሪ ወይም ዲስክ በመጠበቅ ከጊዜያቸው ስንት በመቶውን እንዳጠፉ ይናገራል። እኔ በዚህ ሙያ ካየኋቸው ቁጥሮች ሁሉ ለተጠቃሚው ስሜት የሚቀርበው ይህ ነው።

የሚያሳዝነኝ ገና ችግሩ ሳይታይ «ሪስታርት አድርገው» የሚለው ልማድ ነው። ሪስታርት ወረፋውን ይበትናል፤ ማን ማንን ይጠብቅ እንደነበር የሚያሳየው ማስረጃም አብሮ ይጠፋል። በነጋታው ያው ወረፋ ተመልሶ ይመጣል። የኔትፍሊክስ ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. በ2015 ያሳተሙት አሥር ትዕዛዞች፣ ከአፕታይም ጀምረው ቶፕ ላይ የሚያበቁት፣ በአንድ ደቂቃ ውስጥ የሚሮጡ ናቸው። አለቃ ቆሞ እየጠበቀም ቢሆን ያቺን አንድ ደቂቃ ጠይቁ፤ ውጤቱንም ፋይል ላይ አስቀምጡ።

ሰርቨር የምታስተዳድሩ ሁሉ፣ ሳርና አዮስታትን የያዘው ሲስስታት ማሽናችሁ ላይ መኖሩን ዛሬውኑ እዩ። መጫኑ ብቻ አይበቃም፤ በየ10 ደቂቃው መዝገብ መያዙን አረጋግጡ። ክሮን ውስጥ የተጻፉትንም ሰዓቶች አንድ በአንድ ተመልከቷቸው።