ስለ «ጉራጊኛ» የወንጌል መዝሙር

በወልቂጤም ሆነ በቡታጅራ በወንጌላውያን ጉባኤ መካከል መዝሙሩ ፈጠን ብሎ ሕዝቡ እግሩን ማንሣት ሲጀምር «ጉራጊኛ ነው» ይባላል። አጠራሩ በአዲስ አበባም የታወቀ ነው፤ ኪቦርድ የሚጫወተውም ሰው ስልቱን በዚሁ ስም ይጠራዋል። ከዚህ የተነሣ ጉራጌ ለመዝሙር ያበረከተው ነገር ምቱ ነው የሚል አስተያየት ሥር ሰዷል። አስተያየቱ ሐሰት ባይሆንም ጎዶሎ ነው።

የነገሩን መነሻ ለማየት ወደ ጉራጌ ደቡባዊ ጎረቤቶች መሻገር ያስፈልጋል። በ1920 ዓ.ም. በዶክተር ቶማስ ላምቢ መሪነት ወደ ደቡብ የወረዱት የሱዳን ኢንቴሪየር ሚሲዮን ሰዎች በሆሳዕናና በሶዶ ሲሰፍሩ ያስተማሩት መዝሙር ቃሉ የተተረጐመ፥ ዜማው ግን የባሕር ማዶ ነበር። በ1929 ዓ.ም. ጣልያኖች ከወላይታ ሲያስወጧቸው ትተውት የሄዱት የተጠመቀ ሰው ሃምሳ እንኳ አይሞላም ነበር። ከጦርነቱ በኋላ ሲመለሱ ግን ብዙ ሺሕ ምእመን ቈያቸው፤ መዝሙሩም አንዱ እያወጣ ሌላው የሚቀበለው፥ በሕዝቡ በራሱ ቋንቋ የሚዘመር ሆኖ ነበር። እንግዳው መምህር በሌለበት ዘመን ዜማው የአገር ልጅ ሆነ ማለት ነው።

የጉራጊኛው መዝሙር አመጣጥ ግን እንዲህ አይደለም። የጉራጌ ተወላጅ ለንግድ ወደ መርካቶ ሲጎርፍ ጭፈራውም አብሮት ገባ፤ በ1927 ዓ.ም. የተመሠረተው የአገር ፍቅር ማኅበርና ከእርሱ በኋላ የተነሡት የቴአትር ቤቶች ከሌሎች ብሔረሰቦች ጭፈራ ጋር ለመድረክ አበቁት። መዝሙር ይህን ስልት የተቀበለው ከመድረኩ እንጂ ከመንደሩ አይመስለኝም። በደርግ ዘመን የሙሉ ወንጌል ቤተ ክርስቲያን ተዘግታ፥ ዘማሪው ተስፋዬ ጋቢሶ ሰባት ዓመት ያህል ታስሮ ሳለ መዝሙር በካሴት ከእጅ ወደ እጅ ይተላለፍ ነበር። ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ጉባኤው በነፃነት ሲሰበሰብ ኪቦርዱ በዛ፤ ያን ጊዜ ጉራጊኛ በመሣሪያ ውስጥ ተሞልቶ የሚቀመጥ ምት ሆነ።

የሚያሳስበው ይህ ነው። በጉራጌ አገር በሠርግና በመስቀል ጭፈራ ምቱን የሚያወጣው የተቀባዮቹ እጅ ነው፤ የሚያጨበጭበውና የሚመልሰው አንድ ሰው ስለ ሆነ ቁሞ የሚያዳምጥ ወገን የለም ማለት ይቻላል። በቀረጹት መዝሙር ውስጥ ግን ጭብጨባውን መሣሪያው ይሠራዋል፥ መቀበሉም ድምፅ ማጉያ ለያዙ ሦስት አራት ሰዎች ይሰጣል። እግሩ ተወሰደ፤ ተቀባዩ ቀረ። ሽማግሌዎች ስልቱ ዘፈን ነው ብለው ሲነቅፉ ዘማሪዎችም ሲከላከሉ የሚከራከሩት በእግሩ ብቻ ነው። ክርክሩ ለእኛ ብቻ የመጣ አይደለም፤ ቀድሞ የብሉዝ ተጫዋች የነበረው ቶማስ ዶርሲ እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር በ1930ዎቹ በቺካጎ የጎስፔልን ዜማ ሲያስፋፋ ተመሳሳይ ነቀፋ ደርሶበታል። ነገር ግን በጥቁሮች ቤተ ክርስቲያን ጉባኤው መመለሱን አልተወም።

ቋንቋውም ሌላ ጉዳይ ነው። «ጉራጊኛ» የተባለው መዝሙር በአብዛኛው አማርኛ ነው። በጉራጌ ቋንቋዎች የተዘመሩ ባይጠፉም ከአማርኛው ጋር በቁጥር አይወዳደሩም። ለዚህ በቂ ምክንያት መኖሩን አልክድም፤ የሰባት ቤት፥ የክስታኔና የመስቃን አነጋገር አንድ አይደለም፥ በቡታጅራም ስልጤውና ማረቆው አብሮ ይኖራል፤ አማርኛ ያገናኛቸዋል። ሆኖም ሣህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያም በ1956 ዓ.ም. በእንግሊዝኛ ትርጉም የታተመውን የሺንጋን መንደር ታሪክ አስቀድሞ በቸሃ ጽፎታል። ልብ ወለድ የቻለ ቋንቋ አዝማች አያቅተውም፤ አውጪው በአማርኛ ሲዘምር ጉባኤው በአገሩ ቃል ቢመልስ ማንም ሳይገባው አይቀርም።

እስከዚያው ድረስ ለመስቀል ከአዲስ አበባ ወደ አገሩ የሚመለሰው ተወላጅ ከስጦታው ጋር ይህንኑ ቅጂ ይዞ ይገባል፤ ምቱም ከወጣበት መንደር በመሣሪያ ተመትቶ ይመለሳል።